«ካልነኩት አይነካም» የሚለው የካምቢዮ ዘይት ምክር ለደሴና ለኮምቦልቻ መንገድ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፤

በቅርቡ በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ የደሴ ነዋሪ፣ አውቶማቲክ መኪናቸው የካምቢዮ ዘይት ከተቀየረላት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማርሽ መያዝ እንዳቆመች ገልጸው፣ ሌሎች ባለንብረቶች ፋብሪካው የሞላውን ዘይት ፈጽሞ እንዳያስነኩ መክረዋል። የጸሐፊው ወጪና ብስጭት ይገባኛል። ምክራቸው ግን በየጋራዡ የሚደጋገም በመሆኑ፣ ሳይመረመር ቢታለፍ ብዙ ሰው ለኪሳራ ይዳርጋል ብዬ ስላመንኩ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። በሙያዬ የአውቶ መካኒክ አስተማሪ ስሆን የምኖረውም ኮምቦልቻ ነው።

ጉዳዩ ከወትሮው ይልቅ የከበደው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ከጃፓንና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አገልግለው የገቡት ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላና ራቭ ፎር እንዳሉ አሉ፤ ምትካቸው ግን እንደ ቀድሞው አይመጣም። ካምቢዮው የሞተበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከሌላ መኪና የተፈታ፣ ምን ያህል እንደሠራና ምን ዘይት ሲጠጣ እንደኖረ የማይታወቅ ካምቢዮ ነው። እሱንም ቢሆን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ ለማውረጃና ለመግጠሚያ ከፍሎ፣ በመጨረሻ የሚሠራ ስለመሆኑ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ያለውን ካምቢዮ ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ መኪና ከማግኘትና ከማጣት እኩል ሆኗል።

በማንዋል መኪና የካምቢዮ ዘይት ዋና ሥራ ጥርሶቹ ሳይፋጩ እንዲዞሩ ማለስለስ ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ግን ዘይቱ ሥራውን ራሱ ይሠራል። የሞተሩን ጉልበት በቶርክ ኮንቨርተር፣ ማለትም በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ባለው ማያያዣ በኩል የሚያሻግረው ዘይቱ ነው፤ በፓምፕ ተገፍቶ በቫልቮች መካከል እየተሽሎከለከለ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹን (እየተያያዙ ጉልበት የሚያስተላልፉትን ልባስ ያላቸውን ሳህኖች) የሚጨምቀውና ማርሹን የሚለውጠው ዘይቱ ነው፤ ፍሪሲዮኖቹ ሲያያዙ በድንገት እንዳይመቱ፣ እንዲሁም ከሚገባው በላይ እንዳይንሸራተቱ የሚያደርገው ዘይቱ ውስጥ የተቀላቀለው ኬሚካል ነው፤ በዚህ ሁሉ የሚፈጠረውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውም እሱ ነው። ኬሚካሉ ሲደክም ካምቢዮው ወዲያው አይቆምም፤ ፍሪሲዮኖቹ በየለውጡ ጥቂት ጥቂት እየተንሸራተቱ ልባሳቸው ወደ ዘይቱ ይረግፋል፤ የረገፈው ደግሞ ቀጫጭኖቹን የቫልቭ መተላለፊያዎች ያጨናንቃል።

ዘይቱን በቶሎ የሚያደክመው ሙቀት ነው። ካምቢዮው 80 እና 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሠራ ዘይቱ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ከዚያ በላይ ግን ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ገደማ እየቀነሰ እንደሚሄድ በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀ መለኪያ ነው። አሁን መንገዳችንን እንመልከት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛውም በዶሮ መዝለያ በኩል የሚጠማዘዝ ቁልቁለትና ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ የሚወጣ ቪትዝ ከአንድ የተጫነ ሲኖትራክ ኋላ ሲገባ፣ ለመቅደም ቦታ ሳያገኝ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየተጎተተ ይወጣል። በዚህ ፍጥነት ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ የሚያስረው የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ አይያዝም፤ የሞተሩ ጉልበት አንድ ክፍል ወደ ጎማ ሳይደርስ ዘይቱን በማማሰል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በከፍታው ምክንያት አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ሲደርስ በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ሹፌሩም ያንን ለማካካስ ነዳጁን ይበልጥ ይረግጣል፤ ካምቢዮው ወደ ታች ማርሽ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል። ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወርዱት ደግሞ ከውጭም የቆላ ሙቀት ይጠብቃቸዋል።

«ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው» የሚለው የፋብሪካ ቃል የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ አይደለም። ቶዮታ ለአሜሪካ ገበያ ባወጣቸው የጥገና ሠንጠረዦች ደብሊው ኤስ የተባለውን ዘይት ለሚጠቀሙ ብዙ ሞዴሎቹ በተለመደው አነዳድ መቀየሪያ ጊዜ ባያስቀምጥም፣ ለሚጎትቱና ከባድ ጭነት ለሚሸከሙት ግን በ60,000 ማይል፣ ማለትም በ96,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀየር ያዛል። ለቢ ኤም ደብሊውና ለሌሎችም ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ደግሞ በራሱ ካምቢዮዎች ውስጥ ያለው ዘይት እንደ አነዳዱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር፣ ቢዘገይ በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። መኪና ሻጩ «የዕድሜ ልክ» ሲል ካምቢዮውን የሠራው ኩባንያ «ቀይሩት» ካለ፣ እኔ የካምቢዮውን ሠሪ አምናለሁ።

ይህም ሆኖ «ዘይቱ ሲቀየር ካምቢዮው ሞተ» የሚለውን ወሬ ውሸት ነው ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይደለም፤ ከየት እንደሚመጣ ማየት ይበጃል። ብዙ ባለንብረት የካምቢዮ ዘይት የሚያስታውሰው ማርሽ ሲገባ መምታት፣ ወይም ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ወደፊት አልሄድ ማለት ሲጀምር ነው። በዚያ ሰዓት የፍሪሲዮኖቹ ልባስ አልቋል። ጋራዥ ሲገባ «እስቲ በዘይት እንሞክረው» ይባላል፤ ዘይቱ ይቀየራል፤ ካምቢዮው በጀመረው መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ ጥፋቱም መጨረሻ ላይ በተነካው ነገር ላይ ይለጠፋል። ዘግይቶ ሐኪም ቤት የደረሰ በሽተኛ ሲሞት የሰጡት መድኃኒት ገደለው እንደማለት ነው። እርግጥ ወሬው እውነት የሚሆንባቸው ሦስት ሁኔታዎች አሉ፤ ያልተስማማ ዘይት ሲሞላ፣ መጠኑ ሲበዛ ወይም ሲያንስ፣ እንዲሁም ለዓመታት ያልተነካ ካምቢዮ በማሽን ግፊት ሲታጠብና ሥር የተኛው ዝቃጭ ተነሥቶ ቫልቮቹ ውስጥ ሲገባ። ስለዚህ የቀደመው ጸሐፊ ሌላ ካምቢዮ ከመግዛታቸው በፊት ምን ዓይነት ዘይት እንደተሞላና ስንት ሊትር እንደገባ ጠይቀው፣ መጠኑን በሌላ ባለሙያ ቢያስለኩ እመክራለሁ። አንድ ሊትር መጉደል ብቻ ደህና የነበረን ካምቢዮ ማርሽ እንዳይዝ ሊያደርገው ይችላል።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ አንዲት እናት ኮሮላቸውን ለሞተር ዘይት ለውጥ አምጥተው፣ በዚያው የካምቢዮው እንዲታይላቸው ጠየቁ። ወጣቱ መካኒክ «አብሽሩ እትዬ፤ ፋብሪካ የሞላው ነው፤ ካልነኩት አይነካዎትም» አላቸው። የጋራዡ ባለቤት ግን መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ ጫፉን ነጭ ሶፍት ላይ አሳረፈው። ጠብታው መሐሉ ጠይም ሆኖ ቀረ፤ ጠርዙ ግን ቀላ ብሎ ተስፋፋ። አሸተተው፤ የመቃጠል ሽታ የለውም። ከዚያ ሥሩን ፈትተው የዘይት መያዣውን ሲያወርዱት፣ ውስጡ ያሉት ክብ ማግኔቶች ላይ ግራጫ ለስላሳ ዝቃጭ ተለጥፏል፤ ባለቤቱ በጣቱ አሽቶ ስለት ያለው ነገር እንደሌለው ለሴትዮዋ አሳያቸው። ይህ በጊዜው የደረሰ ካምቢዮ ነው። ዝቃጩ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍቅፋቂ ወይም የተሸረፈ ጥቁር ልባስ ቢገኝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

የመቀየሪያው ጊዜ የሚወሰነው እንዲህ በማየትና በማሽተት ነው ብዬ አምናለሁ። ከውጭ አገልግሎ በገባ መኪና ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ ማመን አይቻልም፤ ቆጣሪ የተመለሰላቸው መኪኖች ብዙ መሆናቸውን የማያውቅ ደላላ የለም። ዘይቱ ከቀይ ወደ ቡናማ ከወረደና የመቃጠል ሽታ ከሌለው፣ ካምቢዮውም ሳይመታና ሳይንሸራተት የሚሠራ ከሆነ ሳይዘገዩ መቀየር ነው። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ማርሹም የሚንሸራተት ከሆነ ግን በዘይት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ትርፉ ድካም ነው፤ ካምቢዮው ወርዶ መታየት አለበት፤ ይህንንም መካኒኩ ከመንካቱ በፊት ለባለንብረቱ በግልጽ ሊነግር ይገባል። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ይመስል ሮዝ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የራዲያተሩ ውኃ ወደ ካምቢዮው ገብቷል ማለት ነውና መኪናው ሳይነዳ እዚያው መቆም አለበት። ታሪኩ ለሚታወቅና በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ዘወትር ለሚመላለስ መኪና ከ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር ተገቢ ነው እላለሁ። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ሜዳ አገር የሚነዳ ሰው ከዚህ በላይ ቢያቆየው አልከራከረውም።

አቀያየሩን በተመለከተ የማምነው አፍስሶ መሙላትን ነው። ታፖው (የማፍሰሻው መድፈኛ) ተፈትቶ ሲፈስስ ከቶርክ ኮንቨርተሩና ከቧንቧዎቹ ያለው ዘይት ስለማይወጣ፣ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ ያህል ነው። ይህ ጉድለት ቢመስልም ለቆየ ካምቢዮ ጥቅም አለው፤ ለውጡ ድንገተኛ አይሆንም። በእያንዳንዱ ጊዜ 40 በመቶው ይወጣል ብንል፣ ከመጀመሪያው ለውጥ በኋላ 40፣ ከሁለተኛው በኋላ 64፣ ከሦስተኛው በኋላ 78 በመቶው አዲስ ዘይት ይሆናል። በመካከሉ አንድ ወይም ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር እየነዱ በሦስት ዙር ማድረስ ይቻላል። ወጪውም በአንድ ቀን አይወድቅም፤ ለደመወዝተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሥራው ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የማፍሰሻው ታፖ ከመፈታቱ በፊት መሙያው መፈታት መቻሉ መረጋገጥ አለበት፤ መሙያው ዝጎ አልፈታ ካለ መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ክሪክ ላይ ያድራል። የሚወጣው ዘይት በተለካ ዕቃ መያዝ አለበት፤ የሚገባውም ያንኑ ያህል ይሁን። የዘይት መያዣው ከወረደ ፊልትሮውና ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ይታዩ፤ ቡሎኖቹም በመስቀለኛ እየተፈራረቁ እኩል እኩል ይጥበቁ፤ አንዱን ጎን አለቅጥ ማጥበቅ መያዣውን አጣሞ ማንጠባጠብ ያመጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ነው። መለኪያ ዘንግ ያላቸው ቶዮታዎች የሚለኩት ካምቢዮው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ከፒ እስከ ኤል በየቦታው ጥቂት እየቆየ አልፎ ወደ ፒ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ሆንዳዎች ደግሞ ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያውኑ ነው የሚለኩት። ዘንግ የሌላቸው አዳዲሶቹ ዘይቱ 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በሥር ባለው የልኬት ታፖ በኩል ትርፉ እስኪንጠባጠብ ይጠበቃል፤ ለዚህም የሙቀት ንባብ የሚሰጥ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በግምት የሚሠራ አይደለም። ሁሉም መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ እንዲቆም ይፈልጋሉ። የደሴ ሰው ደልዳላ መሬት ከየት ያመጣል እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ መኪናውን በክሪክና በድጋፍ አራቱንም ጎን እኩል ማንሣት ይቻላል፤ በፒያሳ ቁልቁለት ላይ ቆሞ መለካት ግን አይሆንም።

ዘይቱን ስለመምረጥ ሲነሣ ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሱቆቻችን ልማድ ነው። ደንበኛው «ቀይ ዘይት ስጠኝ» ይላል፤ ባለሱቁም ለመሪ የሚሆነውን ለካምቢዮ፣ ከበርሜል የተቀዳውን በጀሪካን አድርጎ ይሰጠዋል። ቀለሙ ቀይ መሆኑ ስለ ዘይቱ ምንም አይናገርም። ዴክስሮን ሦስት፣ የቶዮታው ቲ ፎር እና ደብሊው ኤስ፣ የሂዩንዳዩ ኤስ ፒ ሦስት እና ኤስ ፒ አራት፣ ቀለማቸው ቢመሳሰልም ውፍረታቸውና የፍሪሲዮን ጠባያቸው ይለያያል። ከዚህ የሚብሰው ሲቪቲ ካምቢዮ ያላቸው መኪኖች ጉዳይ ነው፤ ከጃፓን የገቡ ብዙ ቪትዞች ከእነዚህ ወገን ናቸው። በሲቪቲ ውስጥ የብረት ቀበቶ በሁለት ሾጣጣ ፑሌጃዎች ተጨምቆ ይሠራል፤ እንዳይንሸራተት የሚይዘው የራሱ የሲቪቲ ዘይት ነው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ቢሞላበት ቀበቶው ተንሸራትቶ የፑሌጃዎቹን ፊት ይፍቃል፤ ያ ከሆነ በኋላ የሚመልሰው ጥገና የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የመኪናው የሞዴል ቁጥር ተጽፎ ከባለንብረቱ መመሪያ ወይም ከመለኪያ ዘንጉ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር ይመሳከር፤ ዘይቱም በታሸገ ዕቃ፣ በዓይን እየታየ ይከፈት። መመሪያው በጃፓንኛ ቢሆንም የዘይቱ ስም አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ መለየት አያስቸግርም።

ከዘይቱ ጋር የማይለይ አንድ የአነዳድ ጉዳይም አለ። ነዳጅ በሚወደድበትና በሚጠፋበት ጊዜ ከደሴ ቁልቁል ሲወርዱ ማርሹን ኤን ላይ አድርገው፣ አንዳንዶቹም ሞተሩን አጥፍተው የሚለቁ ሹፌሮች አሉ። የካምቢዮው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ጎማዎቹ የካምቢዮውን ውስጥ የዘይት ግፊት ሳይኖር ያዞሩታል፤ የፍሬንና የመሪ አጋዥ ኃይልም አብሮ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት አዲስ ዘይት የተሞላበት ካምቢዮም በአንድ ቁልቁለት ሊጎዳ ይችላል። የተበላሸ አውቶማቲክ መኪና፣ ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎቹ መሬት ላይ እያሉ በገመድ ሲጎተትም ጉዳቱ ያው ነው። በዳገቱም ሆነ በቁልቁለቱ ካምቢዮውን በዝቅተኛው ማርሽ፣ በኤል ወይም በሁለት ይዞ ማዝገም ለፍሬኑም ለዘይቱም ይሻላል።

ለጋራዥ ባለቤቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። የሞተር ዘይት ስትቀይሩ ኪሎ ሜትሩን ጽፋችሁ መስተዋት ላይ እንደምትለጥፉት ሁሉ፣ ለካምቢዮም የዘይቱን ስም፣ የወጣውንና የገባውን ሊትር፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ለባለንብረቱ ስጡ። መኪናው ቢሸጥ ወረቀቱ አብሮ ይሄዳል፤ ችግር ቢነሣም ዘይቱ ነው ወይስ ካምቢዮው የሚለውን ክርክር በማስረጃ ለመፍታት ያስችላል። የወጣውን አሮጌ ዘይትም ወደ ቦዩ አትድፉት፤ የደሴም ሆነ የኮምቦልቻ ቦይ መጨረሻው ቦርከና ነው፤ ከዚያ በታች ደግሞ ሰው በዚያው ውኃ አትክልት ያጠጣል። በበርሜል ይጠራቀም። ዝግጅት ክፍላችሁም ቢፈቅድ፣ በከተሞቻችን አውቶማቲክ ካምቢዮ ፈትተው የሚጠግኑ ባለሙያዎች ከሚያገኟቸው የተበላሹ ካምቢዮዎች ውስጥ ስንቶቹ በዘይት እጦት፣ ስንቶቹ በተሳሳተ ዘይት እንደሞቱ የሚሉትን አሰባስቦ ቢያወጣ፣ እኔም ለተማሪዎቼ የማስተምርበት ይሆነኛል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከኮምቦልቻ